ከዓባይ በረሃ እስከ መዳፍ፦ ዲፈረንሻልን እንተዋወቅ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ጭነት የያዘ አይሱዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በዚህ መንገድ ላይ መሪ ቀጥ ብሎ የሚቆየው ለአፍታ ነው፤ አንዱ ጠመዝማዛ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ፣ መኪናው ፊቱን ፈጽሞ የሚያዞርበትን ግማሽ ክብ እንመልከት። በኋላ ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.65 ሜትር ቢሆን፣ በዚያች አንድ መታጠፊያ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 5 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። መታጠፊያው ሰፋም ጠበበም ልዩነቱ አይለወጥም፤ ግማሽ ክብ እስከሆነ ድረስ ያው 5 ሜትር ነው።

ሁለቱንም ጎማ የሚገፋቸው ግን አንድ ሞተር ነው፤ ጉልበቱም የሚደርሳቸው በአንድ ረጅም ዘንግ፣ በትራስሚሲዮን ነው። አንዱን ፈጠን፣ ሌላውን ዘግየት እያደረገ ሁለቱንም ሳይለቅ የሚነዳቸው መሣሪያ ከመኪናው ሆድ ሥር፣ የኋላው አክስል መካከል ላይ አብጦ በሚታየው የብረት ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ስሙ ዲፈረንሻል ነው። ሾፌሩም ተሳፋሪውም በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ ውስጡን ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። መካኒክ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያየው ከተሰበረ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ ትልቁን ከአንድ በጣም ትንሽ ዘመዱ ጋር አብሬ ላስተዋውቅ እፈልጋለሁ፤ በሪሞት የሚነዱ የውድድር መኪኖች ውስጥ ከሚገባው፣ መዳፍ ላይ ከሚያርፈው ዲፈረንሻል ጋር። ትልቁ በዘይትና በብረት ተሸፍኖ የሚሠራውን ትንሹ በጣት እያስዳሰሰ ያሳያል።

ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩትን መኪና ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ሽቦ ላይ ጥብቅ ብለው ከታሰሩ፣ መኪናዋ ቀጥ ስትል ደኅና ትሄዳለች፤ ስትታጠፍ ግን አንዱ ጎማ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ይህ ችግር የለበትም፤ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ኩሽኔታ ላይ ብቻውን ስለሚዞር እንደየመንገዱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ችግሩ የሚመጣው ጎማዎቹ መጎተታቸው ቀርቶ ራሳቸው እንዲገፉ ሲፈለግ ነው። ከአክስሉ ጋር ሳይያያዙ ጉልበት አይደርሳቸውም፤ ከተያያዙ ደግሞ መሬቱን ሳይፍቁ መታጠፍ አይችሉም።

የትልቁን ቤት ከፍተን እንግባ። ከካምቢዮው የሚመጣው ትራስሚሲዮን ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርስ አለች፤ ፒኞን ትባላለች። ፒኞኗ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ክብ ጥርስ ታዞራለች። እዚህ ላይ በመኪናው ርዝመት የመጣው ዙር ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ይጨምራል። ዲፈረንሻሉ ራሱ ገና አልተጀመረም። ኮሮናው ላይ በቡሎን የታሰረ ሌላ ቤት አለ። በዚያ ውስጥ ሳተላይት የሚባሉ ትንንሽ ጥርሶች ፒን ላይ ተሰክተው ተቀምጠዋል። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሴሚያስ የሚባሉትን፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የሁለቱን ዘንጎች ጫፎች የያዙ ሁለት ጥርሶች ከሳተላይቶቹ ጋር ተነካክሰዋል። ኮሮናው ሲዞር ሳተላይቶቹን ተሸክሞ ይዞራል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳተላይቶቹ በፒናቸው ላይ ፈጽሞ አይሽከረከሩም፤ ግራና ቀኙን እኩል እየገፉ አብረው ይዞራሉ። መኪናው ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ይከብዳል፤ ያኔ ሳተላይቶቹ በፒናቸው ላይ መሽከርከር ይጀምሩና ከዘገየው ጎማ ያጎደሉትን ዙር ለፈጠነው ይጨምሩለታል።

ለጎጃም ሰው ይህን ለማስረዳት ከቀንበር የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ገበሬው ትልሙን ጨርሶ ጥማዱን ሲመልስ የውስጡ በሬ ባለበት ሊረግጥ ጥቂት ይቀረዋል፤ የውጭው ዞሮ ይመጣል። ቀንበሩ ያዘነብላል፤ መካከሉ ላይ የታሰረው ሞፈር ግን የሁለቱን እርምጃ አማካይ ይዞ ይሄዳል። ዲፈረንሻልም ሕጉ ይኸው ነው፤ ኮሮናው 100 ጊዜ ሲዞር የሁለቱ ጎማዎች ዙር ተደምሮ 200 ይሆናል። 100 በ100 ሊሆን ይችላል፤ 95 በ105 ሊሆን ይችላል፤ 0 በ200 ሊሆንም ይችላል። ቀንበሩ ሌላም ነገር ያስተምራል። ሞፈሩ በትክክል መካከል ላይ እስከታሰረ ድረስ ሁለቱም በሬዎች የሚሸከሙት እኩል ነው፤ አንዱ ቢለግም ሌላው ብርቱ ስለሆነ ብቻ ሸክሙን ለብቻው ሊስበው አይችልም፤ ቀንበሩ ይዞርበታል። የዲፈረንሻል በጎነቱም ጉድለቱም ከዚህ ይመነጫል፦ እንቅስቃሴውን እንዳመቸው ያካፍላል፣ ጉልበቱን ግን ለሁለቱም እኩል ይሰጣል። እኩል የሚሰጠውም በደካማው ልክ ነው።

አሁን በመኪኖች ውስጥ ያለውን ዓይነት ዲፈረንሻል በ1820ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ነበር ያሰበው። ከእርሱ በኋላ በሰው እጅ በብዛት የገባው ግን በመኪና ሳይሆን በባለሦስት ጎማ ብስክሌት በኩል መሆኑ ያስደስተኛል። የእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ሰው የሆነው ጄምስ ስታርሊ ጎን ለጎን ሁለት ሰው የሚነዳው ባለሦስት ጎማ ሠርቶ ነበር፤ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ሲነዱት የወጣቱ እግር ስለሚበረታ ብስክሌቱ ወደ ጎን እየሳበ አስቸገረ። ስታርሊ መፍትሔውን በዲፈረንሻል አገኘና እ.ኤ.አ. በ1877 ሥራ ላይ አዋለው። ሳልቮ የተባለውን ባለሦስት ጎማውን ንግሥት ቪክቶሪያ ሳትቀር ገዝታለች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስታርሊን ሐሳብ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባጃጅ ይበቃል። የፊት ጎማዋ መሪ ብቻ ናት። የሚገፉት ሁለቱ የኋላዎቹ ሲሆኑ ዲፈረንሻሏም ከሞተሩና ከካምቢዮው ጋር ከኋላ ወንበሩ ሥር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ባጃጇ አደባባይ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ብትዞር የውጭው ጎማ 7 ሜትር ያህል ትርፍ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ጠባብ መንገድ ላይ ስትመለስና ስትታጠፍ የምትውል ባጃጅ ሳተላይቶቿ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ ከዓመት ዓመት ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ከሚሮጥ አውቶቡስ ይልቅ የትንሿ ባጃጅ ሳተላይት በየኪሎ ሜትሩ ብዙ ይለፋል።

ጉድለቱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ይሁን ወደ ቆላው በሚወርደው፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ወጣ ሲሉ ዋልካ አፈር ይጠብቃል። አንዱ የኋላ ጎማ ዋልካ ውስጥ ሲገባ የሚቋቋመው ነገር ያጣል፤ ለማዞር ጥቂት ጉልበት ብቻ ይበቃዋል። ዲፈረንሻሉም ያቺኑ ጥቂት ጉልበት ለሌላው፣ ደረቅ መሬት ላይ ለቆመው ጎማ ይሰጠዋል። ደረቁ ጎማ ጭነቱን ሊያነሣ አይችልምና ዝም ብሎ ይቆማል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር የፍጥነት መለኪያው 20 ካለ ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ በ40 ፍጥነት እየተሽከረከረ ነው፤ የሌላው ዙር በሙሉ ወደ እሱ ሄዷልና። ነዳጅ መጨመር ጭቃውን ከማስቆፈር በቀር ያተረፈው ነገር የለም። የባሰው ደግሞ ሳተላይቶቹ ናቸው፤ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ለመሽከርከር የተሠሩት ጥርሶች በዚያ ፍጥነት ፒናቸው ላይ ሲፈጩ ዘይቱ ከመካከላቸው ይሸሻል፤ ፒኑ ይቃጠላል። አሥር ደቂቃ ጭቃ ውስጥ ያጎራ መኪና ከወራት በኋላ ጋራዥ ሲገባ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም።

መፍትሔው ደካማውን ጎማ ማጠንከር ነው። ድንጋይና ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር የሚጠቀጠቀው ለዚህ ነው። ነዳጅ በቀስታ እየሰጡ የእግር ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ መያዝም ይረዳል፤ የሚንሸራተተው ጎማ የሚታገለው ነገር ሲያገኝ ያኛውም የዚያኑ ያህል ጉልበት ይደርሰዋል። ሲኖትራክን የመሰሉ ከባድ መኪኖች ደግሞ ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ማብሪያ አላቸው፤ ሲቆለፍ ሁለቱ ሴሚያሶች አንድ ብረት ይሆናሉ። ጭቃው እንዳለቀ ወዲያው መፈታት አለበት። ቆልፎ አስፋልት ላይ የታጠፈ ሾፌር ከጠመዝማዛው ጋር ሳይሆን ከገዛ ሴሚያሱ ጋር ይታገላል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ መነገር አለበት፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና። ዓባይ በረሃ ዳገት ላይ የኋላ ጎማ የተነፈሰበት አይሱዙ በክሪክ ሲነሣ፣ ረዳቱ ማርሽ አስገብቶ የእጅ ፍሬን ስቦ መኪናው ተይዟል ብሎ ሊያምን ይችላል። አልተያዘም። ማርሽ የሚይዘው ትራስሚሲዮኑን ነው። ኤን ፒ አርን በመሰሉ አይሱዙዎች ላይ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ያንኑ ትራስሚሲዮን እንጂ ጎማዎቹን አይደለም። ትራስሚሲዮኑ ሲያዝ ኮሮናው ይቆማል። ኮሮናው ሲቆም ግን ሁለቱ ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዳይዞሩ የሚከለክላቸው ምንም የለም፦ አየር ላይ ያለው ጎማ ወደ አንድ ወገን፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላው። ይህ ማለት መኪናው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ከመሬት ያልተነሡት ጎማዎች ሥር ከሁለቱም ወገን ታኮ ሳይገባ፣ ታኮ ከሌለ ደህና ድንጋይ ሳይደገፍ፣ ማንም ከመኪናው ሥር አይግባ።

ይህን በቃል ብቻ ለወጣት ረዳት ማስረዳት ከባድ ነው፤ በእጁ ካየው ግን አይረሳውም። ትንሹን ዲፈረንሻል የምወደው ለዚህ ነው። ለልጆች የሚሸጡት ርካሽ የሪሞት መኪኖች ወይ ዲፈረንሻል የላቸውም፣ ወይም ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ያሉት አላቸው። ለውድድር የሚሠሩት፣ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉት ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት አለ፤ ጥርስ የሌለው፣ በብረት ብይ የሚሠራ። በእንግሊዝ ኖርዝአምፕተን ውስጥ ሴሲል ሹማከር እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋመው ድርጅት ስሙ የተነሣው በዚህ ዲፈረንሻል ነው።

አሠራሩን መዳፍ ላይ ዘርግተን እንየው። መካከል ላይ ክብ የፕላስቲክ ጥርስ አለ፤ የኮሮናው ቦታ የእሱ ነው። ፊቱ ላይ ዙሪያውን የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ በየቀዳዳው 2.4 ሚሊ ሜትር የሚያህል የብረት ብይ ይገባል፤ በብዛት 12 አካባቢ ናቸው። ብዮቹ ከፕላስቲኩ ውፍረት ጥቂት ስለሚበልጡ በሁለቱም ወገን ብቅ ይላሉ። ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ቀለበቶች ብዮቹን ይጫኗቸዋል። ቀለበቶቹ ወደ ጎማ በሚሄዱት ሁለት ራሶች ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ አጥብቆ የሚይዘው በመካከሉ የሚያልፍ አንድ ረጅም ቀጭን ቡሎን ነው፤ በአንዱ ጫፍ ሞላና ዳዶ፣ በሌላው ደግሞ ከብናኝ ብዮች የተሠራ የግፊት ኩሽኔታ አለው። የሳተላይቱን ሥራ የሚሠሩት ትልልቆቹ ብዮች ናቸው። ጥርሱን በሁለት ጣት ይዞ አንዱን ራስ ወደ ፊት ያዞረ ሰው ሌላው ራስ ወደ ኋላ ሲዞር ያያል። ዳገት ላይ ያለው አይሱዙ ከክሪክ የሚወርድበት ምክንያት እዚያው ጣቱ ላይ ነው።

ጥርስ ስለሌለው ጉልበት የሚተላለፈው በመጨናነቅ ብቻ ነው። ሲገጣጠም ትዕግሥት የሚፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀለበቶቹ ከፋብሪካ ተቆርጠው ሲወጡ አንዱ ጠርዛቸው ስለታም፣ ሌላው ለስላሳ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ፊታቸውም ፍጹም ሜዳ አይደለም። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስተዋት ላይ ዘርግቶ ቀለበቱን በጣት ጫን እያሉ በዙሪያ ማሸት ፊቱን ያስተካክለዋል፤ ብርሃን ላይ ሲታይ ጭረቱ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ በቅቷል። ከዚያ ታጥቦ ይደርቃል። ብዮቹ የሚቀቡት የሲሊኮን ግሪስ ነው፤ እሱም በስሱ። የግፊት ኩሽኔታው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁሩን ግሪስ። ሁለቱን ማቀያየር የብዙ ጀማሪዎች ችግር ምንጭ ነው። ጥቁሩ ግሪስ እንዲያንሸራትት የተሠራ ነው፤ ትልልቆቹን ብዮች የነካቸው እንደሆነ ቡሎኑን ምን ያህል ቢያጠብቁት ዲፈረንሻሉ መንሸራተቱን አይተውም።

ማጥበቁም እንዲሁ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቡሎኑ ጥቂት ይጠብቅና ሁለቱ ራሶች ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ፤ ብዮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ግሪሱ ይዳረሳል። እንደገና ጥቂት ይጠብቃል፤ እንደገና ይዞራል። በብዙ ሞዴሎች ሞላው ሙሉ በሙሉ እስኪጨመቅ ከጠበቀ በኋላ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ይለቀቃል፤ ሞላው የሚተነፍስበት ካላገኘ ሥራውን አይሠራምና።

ተገጣጥሞ አልሠራ ሲል ምን ይደረጋል? መጀመሪያ የሚጠየቀው የእጅ ስሜት ነው። ሁለቱን ራሶች በተቃራኒ ሲያዞሩት አሸዋ የገባበት ያህል የሚንገራገጭ ከሆነ ጥፋቱ ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ነው፤ ትልልቆቹ ብዮችና ቀለበቶቻቸው ጋ ወይም የግፊት ኩሽኔታው ጋ። ብዙ ሰው ወዲያው ፈትቶ ሁሉንም ማጠብ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ለይቶ ማወቅ ይሻላል። የግፊት ኩሽኔታውን ከነሁለት ሮንዴላዎቹ ቡሎኑ ላይ ብቻውን አስገብቶ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን እያሉ ማዞር ነው። መንገራገጩ እዚያ ካለ ትልልቆቹን ብዮች መንካት አያስፈልግም። በልምድ እንዳየሁት ቀድሞ የሚያልቀው ይኸው ኩሽኔታ ነው። ከሁሉም ትንሽ ሆኖ ሳለ የቡሎኑን ውጥረት በሙሉ የሚሸከም እሱ ነውና አይገርምም።

እሱ ደህና ከሆነ ወደ ቀለበቶቹ ይኬዳል። ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጎ ሲያዩት ብዮቹ የሄዱበት ክብ መስመር ይታያል። መስመሩ ለስላሳና ደብዛዛ ከሆነ ጤነኛ ነው። በጥፍር ሲነካ የሚይዝ ጎድጓዳ ካለው ወይም እዚህም እዚያም የተጫረ ነጥብ ካለበት ዲፈረንሻሉ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ሲንሸራተት ብዩ መንከባለሉን ትቶ ብረቱን ይፍቃል። ቀለበቱን ገልብጦ በሌላው ፊቱ መጠቀም ይቻላል፤ ያ ዕድል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዮቹ ከተጎዱ ሁሉም አብረው መቀየር አለባቸው። ከሌሎቹ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የምትበልጥ አንዲት አዲስ ብይ ግፊቱን በሙሉ ለብቻዋ ትሸከምና ቀለበቱን ትጎደጉዳለች።

የሚንሸራተት መሆኑን ለማወቅ መኪናው ሳይነሣ የሚደረግ ፈተና አለ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አጥብቆ ይዞ የመካከሉን ጥርስ በአውራ ጣት መግፋት ነው። ጥርሱ ከዞረ ብዮቹ ቀለበቱ ላይ እየተንሸራተቱ ነው፤ ቡሎኑ መጥበቅ አለበት። ሞተሩ ጋ ተንሸራታች ፍሪሲዮን ያላቸው ሞዴሎች ላይ ፍሪሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ ቀድሞ መልቀቅ አለበት፤ የተሠራው ለዚያ ነው። አጥብቆም መፍትሔ ከሌለ የተሳሳተ ወይም የበዛ ግሪስ ይጠረጠራል።

አንድ በጣም የሚያስቸግር ጥፋት ቀረኝ፤ ደህና ተገጣጥሞ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ሠርቶ፣ ብቻውን የሚላላው። ወደ አንድ ወገን ደጋግሞ ሲታጠፍ ቡሎኑ ቀስ በቀስ እየተፈታ ይሄዳል። ምክንያቱን ለማግኘት ቡሎኑ ከማን ጋር እንደሚዞር መጠየቅ ያስፈልጋል። ዳዶው ከአንዱ ራስ ጋር ተይዟል፤ የቡሎኑ አናት ግን ሌላውን ራስ የሚጫነው በግፊት ኩሽኔታው በኩል ነው። ሁለቱ ራሶች በተቃራኒ ሲዞሩ ቡሎኑ ዳዶው ካለበት ራስ ጋር መሄድ አለበት። ኩሽኔታው ከነከሰ ግን ቡሎኑን ወዲያኛው ራስ ይጎትተዋል፤ በአንድ ወገን መታጠፊያ ይፈታዋል፣ በሌላው ያጠብቀዋል። ዳዶውን በማጣበቂያ ማሰር ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ኩሽኔታውን አያድነውም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ጥፋት ነው። ላላ ያለውን ማጥበቅ የማንኛውም ጀማሪ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ የላላው ቡሎን ግን ጥፋተኛ አልነበረም።

የቴክኒክ ኮሌጅና የምህንድስና ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ዲፈረንሻል ቢቀመጥ እወዳለሁ። ትልቁን ለመፍታት ክሪክ፣ ብዙ ቺያቤ፣ የዘይት መቀበያ ሳፋና ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ተማሪው የሚያየውም አንድ ጊዜ ነው። ትንሹን ግን በአንድ ካቻቢቴ ደጋግሞ ይፈታዋል፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኩሽኔታ ተገጥሞ ሲሰጠው ደግሞ ጥፋቱን ሳይከፍት እንዲናገር ማሠልጠን ይቻላል። ጋራዥ ውስጥ የሚያስፈልገው ችሎታ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ትልቁም ሳይከፈት ይናገራልና። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያፏጭ፣ ሲለቅ ዝም የሚል ከሆነ ኮሮናና ፒኞን አነካከሳቸው ተበላሽቷል ወይም ጥርሳቸው ተበልቷል ይባላል። ቀጥ ሲሄድ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ዓይን ወደ ሳተላይቶቹ ይሄዳል፤ የሚሽከረከሩት ያኔ ብቻ ነው። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከኋላ ኳ የሚል ድምፅ ያለቀ ፒን ወይም በየጥርሱ መካከል የተከማቸ ክፍተት ነው፤ ትራስሚሲዮኑ ላይ ያለው ክሮቼራም ያንኑ ድምፅ ስለሚሰጥ እሱ መጀመሪያ በእጅ ተነቅንቆ መታየት አለበት።

ዘይቱ ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ልምድ ያለው መካኒክ መክፈቻውን ሲፈታ ዘይቱን ከማፍሰሱ በፊት ጥቂት በጣቱ ነክቶ በሁለት ጣቶቹ መካከል ያሸዋል፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። መክፈቻው ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ የሚገኘው ግራጫ ልቁጥ ተራ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር ሲሠራ ያልቃል። በጣት የሚቆረቁር ስባሪ ካለ የጥርስ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ቅርፊት ደግሞ ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ውስጥ የገባ መኪና፣ ወይም የመተንፈሻ ቀዳዳው በጭቃ የተደፈነ። መተንፈሻው ሲደፈን ቤቱ ውስጥ ያለው አየር በሙቀት ይወጠርና በሴሚያሱ በኩል ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል። ጎሚኒው አርጅቷል ተብሎ ይቀየራል፤ ከሳምንት በኋላ አዲሱም ያፈስሳል። ከደጋው ብርድ ወደ ዓባይ ሙቀት የሚወርድ መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የሚፈታውም መተንፈሻውን በሽቦ በመክፈት ነው።

ቅያሪ ካስፈለገ የደብረ ማርቆስ መካኒክ ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ ተጣምረው የተፋጩ ስለሆኑ ሲገዙም በጥንድ ነው፤ የተሰበረውን ብቻ ለይቶ መግዛት ገንዘብ ያተረፈ ይመስላል እንጂ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እያፏጨ ሁለቱም ያልቃሉ። ሁለቱም ላይ የተቀረጸ የጥንድ ቁጥር አለ፤ አንድ መሆኑን ሱቁ በር ላይ ሳሉ ማየት ነው። ከዚያ የጥርሱ ቁጥር ይታያል። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 7 ጥርስ ያለው ከሆነ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ለመዞር ትራስሚሲዮኑ 5.86 ጊዜ ይዞራል። የቀድሞው 41/7 ሆኖ በምትኩ ሌላ ቁጥር ያለው ከተገጠመ መኪናው ይሄዳል፤ ግን ወይ ዳገቱ ይከብደዋል፣ ወይ ሜዳ ላይ ነዳጅ ይበላል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነቱ ይለያል። አሮጌው ፒኞን ቢሰባበርም ጥርሱ እስከሚቆጠር ድረስ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ያዋጣል።